ሰሜን ተራሮችን በአማርኛ

ቱሪዝም ሲባል በእኛ አገር ቶሎ ትዝ የሚለን ፈረንጅ ነው። ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ሰው። እኔም እንጀራዬ ከእሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስለ ፈረንጅ ክፉ አልናገርም። ጎንደር አራዳ ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግቢን፣ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለእንግዳ አሳይቼ፣ ከደባርቅ እስከ ራስ ዳሽን በእግሬ መርቼ ነው ቤተሰብ የመሠረትሁት።

ዛሬ ግን መናገር የምፈልገው ስለ ሌላ እንግዳ ነው፤ ስለ ራሳችን ሰው። የእግር ጉዞ ጉብኝታችን የተዳከመው ፈረንጅ ስለቀረ ብቻ አይመስለኝም። ከመጀመሪያውም የአገሩ ሰው ያልተጠራበት ድግስ ነበር። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው አሠራሩን ላስረዳ። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደረሳል። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያ ይከፈላል። ስካውት የግድ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ፣ ተራራውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ የአካባቢው ሰው። አስጎብኚ ይጨመራል፣ ምግብ አብሳይ ይጨመራል፣ ጓዝ የሚሸከም በቅሎ ከነባለቤቱ ይጨመራል። አብዛኛው በማኅበር ተደራጅቶ በተራ ነው የሚወጣው። ሁለት እንግዳ ለአራት ቀን ወደ ተራራው ሲወጣ ቢያንስ አራት አምስት ቤት ውስጥ ድስት ይጣዳል ማለት ነው።

የተለመደው መንገድ የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር፣ ሁለተኛውን ግጭ፣ ሦስተኛውን ጨነቅ ማደር ነው። በመሃል የጂንባር ፏፏቴ አለ፤ እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል አፋፍ አለ፤ ሣር ሲግጥ የሚውል የጭላዳ መንጋ አለ፤ ጅባራ አለ፤ ዕድል ከቀና ዋልያ አለ። ጉልበት ያለው ደግሞ ቧሂትን ተሻግሮ ራስ ዳሽን ይወጣል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ይህ ሁሉ የተዘረጋው የውጭውን ሰው አስቦ ነው። ነገሩ ቀደም ይላል። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1936 ጎንደርን ከያዘ በኋላ በ1938 የራሱ የቱሪስት ማኅበር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ወፍራም የመንገደኛ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ጎንደርም አለችበት። እኛ በገዛ አገራችን የሚታይ ነገር ሆንን እንጂ የሚያይ ሰው አልሆንንም። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገራችንን ቱሪዝም በእግሩ አቆሙት፤ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መጠሪያ የእሳቸው ነው፤ ባለውለታችን ናቸው። የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የአክሱምና የላሊበላ «ታሪካዊ መስመር» ግን በአውሮፕላን ለሚዞር፣ በዶላር ለሚከፍል እንግዳ የተቀመረ ነበር። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች። ፋሲል ግቢ በዓመቱ ተከተለ።

ኩራት ነው። ግን እስኪ ራሳችሁን ጠይቁ። ከጎንደር ልጆች ስንቱ ነው እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ የሚያውቅ? በትምህርት ቤት «አገርህን እወቅ» የሚባል ክበብ ነበረን፤ የብዙዎቻችን ጉዞ ግን አውቶቡስ ላይ ዘፍኖ፣ ግንቡ ሥር ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 14 ሰዎች መጡ። በቴሌግራም የተሰባሰቡ፣ እንጦጦና ወንጪ በእግር መውጣት የለመዱ ናቸው። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ሁለት አስተማሪዎች አሉ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ። ከዚያ በፊት ሀበሻ ይዤ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ከውጭ የመጣ ዘመድ፣ በፈረንጅ ቡድን መሃል አንድ ሁለት አበሻ፣ በመኪና እስከ ጨነቅ ደርሶ የሚመለስ ባለሥልጣን ይገጥመኝ ነበር። ቡድኑ በሙሉ አማርኛ ተናጋሪ የሆነበት፣ በእግር የሄደና ድንኳን ውስጥ ያደረ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሳንቃበር ስንደርስ አብሳዩ የለመደውን አደረገ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሻይና ፈንዲሻ አቀረበ። ለፈረንጅ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ደክሞት ሲገባ ሻይ በፈንዲሻ፣ ማታ ሾርባና ፓስታ። ሰዎቹ ፈንዲሻውን አዩ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ «ፈንዲሻ ካለ ቡናውስ?» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። አንዷ ከቦርሳዋ ጀበና አወጣች! 3,250 ሜትር ላይ። ረከቦት የለ፣ ቄጠማ የለ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተፈልጎ ሲኒ ተደረደረ።

ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ አይደለም። ቡና ሲፈላ ብቻውን የሚጠጣ የለም። ስካውቱ ተጠራ፣ ባለበቅሎዎቹ ተጠሩ፣ አብሳዩ ራሱ ከእሳቱ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከፈረንጅ ጋር ስንወጣ ሁለት እሳት ነው የሚነድደው፤ አንዱ የእንግዳው፣ አንዱ የእኛ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቋንቋው ነው። ያን ማታ እሳቱ አንድ ሆነ።

ስካውቱ አሥር ዓመት ያህል አብሮኝ የወጣ ሰው ነው። ከፈረንጅ ጋር ሲሆን ሥራው መንገድ ላይ መከተል፣ ሌሊት መጠበቅ፣ ፎቶ ሲያነሡት ጠመንጃውን ይዞ ዝም ብሎ መቆም ነው። የሚናገረው በእኔ በኩል ስለሆነ ከአሥር ቃሉ ሁለቱ ቢያልፍ ነው። ያን ማታ ጋሼ ጠጋ አሉትና «አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?» አሉት። እሳቸው በ1967 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዳባት አካባቢ መሠረተ ትምህርት ያስተማሩ ኖረዋል። እሱ ደግሞ ሀ ሁን የቆጠረው ዘማቾች ባስተማሩት ትምህርት ነበር። እሳቸው ያስተማሩት ሰፈር አልነበረም፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው!

በማግስቱ መንገድ ላይ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ጓሳው ለቤት ክዳን እንዴት እንደሚታጨድ፣ ለገመድ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ፣ በልጅነቱ ከብት ያገደበትን ሜዳ፣ በሬ የገባበትን ገደል፣ በጦርነቱ ዘመን ታጣቂ ሁሉ ዋልያ እየመታ ይበላ እንደነበር ነገራቸው። እኔ «ጭላዳ ሣር ግጦ የሚኖር ብቸኛ የዝንጀሮ ዘር ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም» ብዬ ስጨርስ እሱ «ገብሳችንንም ይጨምርበታል እንጂ» አለ። ቡድኑ በሳቅ ፈነዳ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ያለ እሱ የኔ ገለጻ ግማሽ ነው።

ግጭ ስንደርስ ሳቁ ቆመ።

ግጭን ለማታውቁ፣ በፓርኩ መሃል 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ መንደር ነው። ሰው ገብስ ያርስበት፣ ከብት ያረባበት ነበር። እኔ ሥራ ስጀምር ከእንግዶቼ ጋር ቤት ገብተን ቡና እንጠጣ ነበር። ፓርኩ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ የሰው ሰፈራ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ ናቸው፤ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው መኖሪያ አጡ። ከብዙ ዓመት ንግግር በኋላ በ2016 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ።

ከባለበቅሎዎቹ አንዱ ቆመ። ሽማግሌ ናቸው። በዱላቸው ወደ አንድ የድንጋይ ቁልል አመለከቱና «ይቺ የእኔ ግቢ ነበረች» አሉ። እንዲያ የፈረሱ ካቦች ብዙ ናቸው፤ ሣሩ ዋጥ እያደረጋቸው ነው።

ነርሷ «አባባ፣ ለምን ወጡ?» አለቻቸው።

«ሣሩ ይዳን፣ አውሬው ይዳን ተባለ። ሣሩ ድኗል፤ ይኸው እዩት። እኔ ደባርቅ ነኝ።»

«ገንዘብ አልሰጧችሁም?»

«ሰጥተውናል፣ አልተነፈግንም። ገንዘብ ግን እንደ መሬት አይታረስም፣ ልጄ።»

ከዚያ አውድማው የት እንደነበረ፣ ውኃ የሚቀዳው ከየት እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር ድንበርተኛ እንደነበረ እያሳዩ ወሰዱን። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ከአስተማሪዎቹ አንዱ «ታዲያ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ይህ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ስለ ግጭ የሚጠይቅ ፈረንጅ አለ፤ አስተዋይ ነው፣ አንብቦ የሚመጣም ሞልቷል። ግን የቤቱን ባለቤት በራሱ አንደበት ሊጠይቅ አይችልም። መልሱ እኔ ጋ ነው የሚቆመው። እኔ የምናገረው ደግሞ መንገደኛው ሳይታክት የሚሰማው አጭር ማብራሪያ ነው። ያን ዕለት ግን ባለቤቱ አጠገቤ ቆሟል፣ ጠያቂውም አማርኛ ይሰማል። ማሳጠር አይቻልም፤ ማስዋብም አይቻልም።

የመለስሁለት ይህን ነው። መንደሩ እንደነበረ ቢቀጥል ዋልያው አይተርፍም ነበር። ዋልያ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የለውም፤ እዚህ ከጠፋ ጠፋ። እንደዚያም ሆኖ ሰውየው ያጡት ነገር እውነት ነው፤ በካሳ ወረቀት አልተመዘገበም። አገሬው ይህን ሁለቱንም አብሮ ማወቅ አለበት። የሚያጣላው፣ የሚያስታርቀው፣ ቀጥሎ ሌላ መንደር ይነሣ ሲባል ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነውና። ፈረንጁ አይቶ ይሄዳል። እኛ አብረን የምንኖረው ነገር ነው።

የአገር ሰው በአገሩ ተራራ ላይ መሄዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ሁለተኛ ነው። የተዘጋ አፍ ሁሉ ይከፈታል፤ ስካውቱ፣ ባለበቅሎው፣ አብሳዩ፣ ሁሉም አስጎብኚ ይሆናል። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ይህ እንዴት እንደሚያስፈራ ልደብቃችሁ አልችልም። ሥራችን ለብዙ ዘመን በትርጉም ላይ ቆሞ ነበር። እንግሊዝኛ የቻለ፣ ጣልያንኛ ወይ ጀርመንኛ የጨመረበት ኖረ። ከእንግዳውና ከአገሩ መሃል ያለችው በር እኛ ነበርን። እንግዳው አማርኛ ሲናገር በሩ ይቀራል። ታዲያ አስጎብኚ ለምን ይፈለጋል?

የበለጠ ይፈለጋል። መንገዱን ለማስላት፣ ከፍታው ራሱን ያዞረውን ሰው ቶሎ አይቶ ወደ ታች ለማውረድ፣ ጉዞው በጊዜ ካምፕ እንዲገባ ለማድረግ፣ ስካውቱ የሚያውቀውንና መጽሐፍ የሚያውቀውን ለማገናኘት። ለሀበሻ የሚናገር አስጎብኚ የበለጠ ማወቅ አለበት፤ ሰሚው ሊያርመው ይችላልና።

አንድ ጊዜ ከጣልያን ባሕር ዳርቻ የመጡ ባልና ሚስት ይዤ ነበር። ተዳፋቱ ላይ ገበሬው የካበውን የድንጋይ እርከን ሲያዩ ፏፏቴውን ረስተው እሱን ፎቶ ያነሡ ጀመር። «የአገራችን ነው» አሉኝ። ከሄዱ በኋላ ስለ ቦታው አነበብሁ። ቺንኩዌ ቴሬ ይባላል፤ አምስቱ ምድሮች ማለት ነው። ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ የሚባሉ አምስት መንደሮች በባሕርና በገደል መሃል ተጣብቀዋል። ገደሉን ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ በደረቅ ካብ እርከን ሠርተው ወይን ተከሉበት። ዛሬ ከመላው ዓለም ሰው እየመጣ በአስጎብኚ የሚሄድባት ቀጭን መንገድ ገበሬው ወይኑን ሊቆርጥ ይሄድባት የነበረች ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመዘግበው የመዘገበው ባሕሩን ብቻ አይደለም፤ ሰው ከምድሩ ጋር የሠራውን ጭምር ነው። በ1999 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆንም መንደሮቹ በውስጡ እንዳሉ ነው።

ገነት አድርጌ ላሳያችሁ አልፈልግም። እነሱ ጋ ችግሩ የእኛ ግልባጭ ነው፤ ሰው በዛባቸው። ወጣቱ እርከኑን ትቶ ሲሄድ ካቡ ይፈርሳል፣ ካቡ ሲፈርስ ተራራው ይናዳል። «የፍቅር መንገድ» የሚሏት ከአንድ ኪሎ ሜትር የማትበልጥ ዝነኛ መንገዳቸው በ2012 ድንጋይ ተንዶ ሰው ስለጎዳ ተዘግታ፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተችው በ2024 ነው። ለ900 ሜትር መንገድ 12 ዓመት! አሁን ጎብኚው ሰዓት ተቆርጦለት፣ ትኬት ከፍሎ ይገባል። ከመንገዶቹ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመንገዶቹ ጥገና ይውላል። በነጠላ ጫማ ተራራ የሚወጣውን ቱሪስት እስከ መቅጣት ደርሰዋል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ2020 ኮሮና ድንበር ሲዘጋ፣ በዚያው ክረምት የጣልያን ባሕር ዳርቻ መንገዶች የገዛ አገራቸው ሰው ሄደባቸው። ከሚላኖ፣ ከቶሪኖ፣ ከጄኖቫ ቤተሰብ ልጁን ይዞ መጣ። ኪሳራ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ግን መንገዱ አልሞተም። እኛ ጋ መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ሰሜን ተራሮች በአንድ ሳምንት ጭር አለ። የሚተካ ሰው አልነበረም። ለፈረንጅ የተሠራ መንገድ ከፈረንጅ ጋር ሄደ።

ቀጥሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሣ፤ በ2013 መጨረሻ እስከ ደባርቅ አፋፍ ደረሰ፤ ጭና ላይ የሆነውን ማንም አይረሳውም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልላችን ሁኔታ ግልጽ ነው። የማውቃቸው አስጎብኚዎች ባጃጅ ያዙ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ አገር ጥለው ሄዱ። በቅሎውን የሸጠም አለ። በቅሎ ስትሸጥ አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ መንገዱን የሚያውቀው ባለቤቷም ከመንገዱ ይወጣል፣ ልጁም አይማረውም። የእግር መንገድ ደግሞ የሚኖረው ሰው ሲሄድበት ነው። ሁለት ክረምት ሰው ያልረገጠው መንገድ ሣር ይበላዋል።

መቼም አስተያየት መስጫው ላይ የሚመጣውን መገመት አያቅተኝም። አስቀድሜ ልመልስ።

«ሀበሻ አይከፍልም» ትሉኛላችሁ። አንድ ሀበሻ የአንድ ፈረንጅ ያህል አይከፍልም፤ እውነት ነው። ግን ሀበሻ ሁለት ሆኖ አይመጣም፤ 14 ሆኖ ይመጣል። የእኔ ቡድን ስድስት በቅሎ ፈልጓል፤ ሁለት ፈረንጅ ሁለት ቢፈልግ ነው። እንጀራውን፣ በጉን፣ ጠላውን፣ ማሩን ከአካባቢው ነው የገዙት። ለፈረንጅ ፓስታውና ቆርቆሮው ከጎንደር ተጭኖ ነው የሚወጣው። ደግሞም ሕዝባችን ለመንገድ አይከፍልም ያለው ማን ነው? ለግሸንና ለላሊበላ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ቀናት የሚጓዝ ሕዝብ ነው። በየሰፈሩ የጉዞ ማኅበር አለ። ስንቅ መቋጠርን፣ በቡድን መሄድን፣ መሪ መከተልን ከማንም አልተማርንም።

«ሀበሻ ይረብሻል፣ ላስቲክ ይጥላል» ትሉኛላችሁ። ይጥላል። የጥምቀት ማግስት ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢን ያየ ሰው አይከራከረኝም። ግን ይህ የደንብ ጉዳይ ነው። ፈረንጁም በደንብ ነው የሚሄደው፤ ቆሻሻህን ይዘህ ተመለስ ይባላል፣ ይዞ ይመለሳል። የእኔ 14ቱ አንድ ጊዜ ስለነገርኋቸው የሲጋራ ቁራጭ ሳይቀር ለቅመው ወርደዋል። ስፒከር ይዞ የመጣውን ልጅ ደግሞ እኔ ሳልደርስበት ጋሼ «ዝጋው፣ ተራራው ይናገርበት» አሉት።

«ሰላም የለም፣ አንተ ስለ ሽርሽር ታወራለህ» የምትሉኝን ግን በአክብሮት ነው የምሰማችሁ። ማንንም ዛሬ ተነሥቶ ተራራ ይውጣ አልልም። መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢው ሰው ሳይነግረኝ የሰው ልጅ ይዤ አልወጣም። እኔ የምለው ሰላም ሲመጣ ምን ይዘን እንጠብቀው ነው። ያኔ ደግሞ ያንኑ ድግስ፣ ያንኑ ሻይና ፈንዲሻ ዘርግተን ፈረንጅ ብቻ የምንጠብቅ ከሆነ በሚቀጥለው ወረርሽኝ፣ በሚቀጥለው ግርግር እንደገና ባዶ እንቀራለን።

ዛሬውኑ የሚጀመር ነገር አለ፤ ከተማው ውስጥ ነው። በቀን፣ በቡድን፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ የእግር ጉዞ ለጎንደር ተማሪዎች። ከፒያሳ ይነሣል። ልጁ በየቀኑ የሚያልፍበትን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ማን እንደሠራው፣ ጣልያን ጎንደርን የግዛቱ መቀመጫ አድርጎ በአምስት ዓመት ምን እንዳቆመ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው እዚችው ከተማ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1941 እንደሆነ ይስማ። «ጎሚስታ» ሲል የማንን ቋንቋ እየተናገረ እንደሆነ ይወቅ። ከዚያ ፋሲል ግቢ፣ ከዚያ ራስ ግንብ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ፋሲለደስ መዋኛ። ጥር 10 ቀን ታቦት አጅቦ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ሁሉም በእግሩ ያውቀዋል። ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ እንደሚገባ ግን ስንቱ ያውቃል? ቦዩን ሄዶ ይየው። ጉልበት የተረፈው ቁስቋም ይውጣና እቴጌ ምንትዋብ የሠሩትን ይመልከት።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ማኅበሮቻችን ለአገር ውስጥ ቡድን የብር ዋጋና የራሱ ተራ ያውጡለት። ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ቀን ይስጡ። ዩኒቨርሲቲያችን ቱሪዝም የሚማሩ ልጆች አሉት፤ በአማርኛ መምራት ይለማመዱ። ተራራው ሲከፈት ደግሞ የግጭ ሽማግሌዎች ሸክም ጫኝ ብቻ ሳይሆኑ ተናጋሪ ሆነው፣ ተከፍሏቸው ይውጡ። በመቄት ገበሬው እንግዳ ማደሪያ ጎጆ ሠርቶ መንገደኛን ከመንደር መንደር እየተቀባበለ ያስተናገደበት አሠራር ነበረ። በመንዝ ጓሳን ማኅበረሰቡ ራሱ ለብዙ መቶ ዓመታት በደንብ ጠብቆ ኖሯል፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እናያለን ብሎ የሚመጣው እንግዳ የሚያርፈው በማኅበረሰቡ ማረፊያ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ፍጠሩ እያልሁ አይደለም።

አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። እኔ ፈረንጁ ተመልሶ እንዲመጣ እጸልያለሁ፤ ሲመጣም በደስታ ነው የምቀበለው። ግን ሲመጣ መንገዱ ላይ የእኛን ሰው ያግኝ። ከፊቱ የደባርቅ ተማሪዎች ሲያልፉ፣ እሳት ዳር ቡና ሲፈላ፣ ስካውቱ ሲያወጋ ይየው። ያኔ ያየው አገር ነው ማለት ይቻላል።

እናንተስ? ከሰፈራችሁ ተነሥታችሁ በእግር ግማሽ ቀን ብትሄዱ የት ትደርሳላችሁ? በመንገዱ ላይ ያለውን ታሪክ የሚነግራችሁ ማን ነው? ከታች ጻፉልኝ። አንድ ሽማግሌ ስም ከጠራችሁልኝ ደግሞ ሳይረፍድ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

ሰላም ያሰንብተን።